ጫፉ ያልተቆረጠ ሳንቃ

ወይዘሮ ጌጤ የጠዋት ጸሎታቸውን ሲያደርሱ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው አምልጦ አልጋው ስር ገባ። ልጃቸው ባንተአምላክ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ተንበርከክ ሲሉት ማጉረምረም ከጀመረ ሰነባብቷል። ቢሆንም ሰማንያ የሞላቸው እናቱ ጎንበስ ሲሉ ከማይ ብሎ በደረቱ ተኛና የስልኩን መብራት አበራ። አልጋው ስር የሚያውቀው ዕቃ ነበር፤ የቆርቆሮ ሳጥኑ፣ መግነዛቸው የተጠቀለለበት ፌስታል፣ ግማሽ ጆንያ ገብስ። ከእነዚህ ኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ የማያውቃቸው አምስት ሳንቃዎች ተነባብረዋል። መቁጠሪያው ከእነሱ ዘንድ ነበር። እጁን ዘርግቶ ሲያነሣው የጥድ ሽታ አፍንጫውን አጠነው፤ ቀጥሎም በአምስቱም ሳንቃዎች ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም አየ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ አጭር ሰረዝ።

ቀለሙን ያውቀዋል፤ የቀባው እሱ ነው። ባንተአምላክ ሃያ ስድስት ዓመት በደን ባለሙያነት የመንግሥት ደመወዝ ሲበላ ቆይቶ፣ ሲታክተው ለቀቀና “ጥላ” በሚባል ትንሽ ማኅበር ውስጥ ገለልተኛ ታዛቢ ሆነ። ገለልተኛ ታዛቢ ማለት እንጨት ሲቆረጥ፣ ሲጫንና ሲሸጥ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው የሚያይ፣ ያየውን የሚጽፍ፣ ነገር ግን ማንንም መያዝ የማይችል ሰው ነው። ጉቶ ይቆጥራል። ኬላ ላይ ቆሞ የተጫነውን ግንድ ከይለፍ ወረቀቱ ጋር ያስተያያል፤ ወረቀቱ “በነፋስ የወደቀ አንድ ዛፍ” እያለ መኪናው ላይ አሥራ ሁለት ግንድ ካገኘ፣ አሥራ ሁለት ብሎ ይጽፋል። ነፋሱ መጋዙን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ገበሬዎቹ የመንግሥት ነህ ወይ ይሉታል፤ አይደለሁም ይላል። የነጋዴው ነህ? አይደለሁም። የቤተ ክርስቲያኑ ነህ? አይደለሁም። እንግዲያ የማን ነህ ሲሉት ወደ ቆጠራው ስለሚመለስ፣ ጉቶ ቆጣሪው ብለው ስም አወጡለትና ተገላገሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያሉ የሚተርቱበትም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጉቶ የሚቆጠረው ዛፉ ከሄደ በኋላ ነው።

ባለፈው ሰኔ ከአንበሳሜ ወዲያ ካለው ከዝባን ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደን ሃያ ሦስት የጥድ ግንድ ያለፈቃድ ተቆርጦ ተገኘ። ግንዶቹ ተይዘው ወረዳው ግቢ መጋዘን ሲገቡ ባንተአምላክ በየግንዱ ጫፍ ከቅርፊት እስከ ቅርፊት አንድ ሰማያዊ መስመር እያሰመረ፣ መካከሉ ላይ በግዕዝ ቁጥር ጻፈበት። ዋነኛ ሥራው ይኸው ነው፤ የተያዘ እንጨት ተይዞ እንደሚቆይ ማየት። መስከረም ላይ ተመልሶ ሲቆጥር አሥራ ሁለት ብቻ ሆኑ። አሥራ አንዱ የት ሄዱ ሲል የመጋዘኑ ሰዎች አላየንም አሉ። አሥራ አንድ ግንድ ጠፍቶ ደግሞ አንድ ሰው መታሰር አለበትና፣ የዝባን ሚካኤል ደን ጠባቂ እሸቴ የሚባሉት ሽማግሌ ታሰሩ። ግንዶቹ መጋዘን የገቡ ዕለት አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክረው “ተረካቢ” ከሚለው ቃል ስር አስፈርመዋቸው ኖሯል። እሸቴ ማንበብ አይችሉም፤ ያሳዩአቸው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አሁን ወረቀቱ ግንዱን የተረከብኸው አንተ ነህ ይላቸዋል።

ባንተአምላክ አልጋው ስር እንደተኛ ሰረዞቹን አንድ በአንድ አያቸው። ግንዱ ሲሰነጠቅ የሱ መስመር ለየሳንቃው ተከፋፍሏል። ቁጥሩ ያለበት የመካከሉ ሳንቃ ግን ከአምስቱ መካከል የለም። የትኛውም እንጨት ቤት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የሳንቃውን ጫፍ ቆርጦ ማስተካከል ነው፤ ይህ ቀለምም የትም ወድቆ መቅረት ነበረበት። የሬሳ ሳጥን ሳንቃ ግን ጫፉ አይቆረጥም። ለመቁረጥ መለካት ያስፈልጋል፤ በሕይወት ያለን ሰው ለሳጥን መለካት ደግሞ ሞትን ደጁ ድረስ ሄዶ መጥራት ነው። ስለዚህ እንደ ረዘመ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ እስኪሞት። እንጨቱን የሰነጠቀው ሰው ሕጉን አልፈራም፣ ይህን ወግ ግን ፈርቷል።

ከላይ እናቱ መቁጠሪያውን አገኘኸው ወይ አሉት። አገኘሁት አለ። “ሳንቃዎቹን እንዳትነካካብኝ፤ አንተ መስክ የወጣህ ሰሞን ወንድምህ ነው ያመጣልኝ፣ ለመጨረሻዬ” አሉት። እንደ አዲስ ቀሚስ ነው የተናገሩት፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበረበት። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፤ ባላገሩ ለሞቱ ከተመኘው ሁሉ ትልቁ ጥድ ነው። ባንተአምላክ አዳዲስ ታዛቢዎችን ሲያሠለጥን “መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ወሬ” እያለ ጆሯቸውን ያደነቁራል። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር የሚለውን ተረት ሳይጨምርበት ሥልጠና ጨርሶ አያውቅም። ስልኩ በእጁ ነበር፣ መብራቱም በርቶ ነበር። ፎቶ አላነሣም። መቁጠሪያውን ይዞ በደረቱ ወጣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ለእናቱ ሰጣቸው። ምንም አልጠየቃቸውም።

ቁርስ የተቀቀለ ድንች በበርበሬ ነበር። ሚስቱ ደሳለች የወለደችውን ልጃቸውን ልታርስ ባሕር ዳር ከወረደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ድንች ብቻ የሚበላው ለዚያ ነው። እናትና ልጅ ከአንድ ሳሕን እየላጡ በሉ። ወይዘሮ ጌጤ ነገ ኅዳር ሚካኤል መሆኑን፣ ዘንድሮ ዝባን ድረስ የሚያደርስ ጉልበት እንደሌላቸው፣ ድንች በኪሎ አሥር ብር መግባቱን ነገሩት። እሱ ድንቹን እየላጠ አዎ አዎ አለ። በሆዱ ግን ታላቅ ወንድሙን ታምራትን ይዞ ተቀምጧል። አባታቸው ሲሞት ባንተአምላክ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ታምራት አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ታምራት ትምህርቱን ትቶ ባሕር ዛፍ እየጫነ አሳደገው፤ የመጀመሪያ ጫማውን የገዛለት፣ ኮሌጅ የላከው፣ ሽምግልና ሄዶ ደሳለችን ያጨለት እሱ ነው። ባንተአምላክ በዕድሜው ሁሉ ጋሼ ከማለት በቀር በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

በሦስት ብር ባጃጅ ተሳፍሮ ቢሮ ወረደ። የማኅበሩ አስተባባሪ ፍቅርተ የምትባል ከሐዋሳ የመጣች ወጣት ናት፤ የደብረ ታቦር ብርድ ስላልለቀቃት ቢሮም ውስጥ ጃኬቷን አታወልቅም። ገና ሳይቀመጥ የእሸቴን ጉዳይ አነሣችለት። አጣሪ ኮሚቴው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፋይሉን ይዘጋል፤ ግንዶቹ ከመጋዘኑ ወጥተው የት እንደገቡ የሚያሳይ ነገር ካላገኘ ሽማግሌው ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፣ ጠበቃ የላቸውም፣ ወረቀቱም በጣታቸው የተፈረመ ነው። የታዛቢው ሪፖርት የመጨረሻው ዕድላቸው ነው። ፍቅርተ አንድ ግንድ፣ አንድም ቢሆን፣ ምልክቱ ከነቁጥሩ ከተገኘ ይበቃል አለች። ከተማውን ያውቃሉ ጋሽ ባንተአምላክ፣ የእንጨቱን መንደር ሁሉ ያውቁታል፣ ምንም አላገኙም ወይ ብላ ጠየቀችው። እስከ ማታ አያለሁ አላት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ለሃያ ስድስት ዓመት ሌላው ሰው እንዲህ ሲመልስ እየሰማ ሲናደድ የኖረው መልስ ነበር።

በፖሊስ ጣቢያው በር ሲያልፍ የእሸቴ ሚስት የምሳ ዕቃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከዝባን ለመድረስ ሌሊት ተነሥተው አንበሳሜ ድረስ በእግራቸው፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የሚመጡት። አንዱ ተረኛ ፖሊስ ለጓደኛው፣ “እኒህ ሽማግሌ አሥራ አንድ ግንድ በምን ተሸክመው ሄዱ? ያለቻቸው አንዲት አህያ፣ እሷም ነፍሰ ጡር” ሲል ተሳሳቁ። ሽማግሌው ጥፋተኛ አለመሆናቸውን ፖሊሶቹም ያውቁታል ማለት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ቢሆንም ታስረዋል። ሴትዮዋ ባንተአምላክን ሲያዩ ተነሥተው እጅ ነሡ። ምንም አልለመኑትም። እንዲያው የጌጤ ጤንነት እንዴት ነው ብለው ጠየቁት፣ ጥርሷን ያማት ነበር ተሻላት ወይ። ተሽሏታል አለና ቶሎ ብሎ አለፈ።

የታምራት እንጨት ቤት ወደ ገበያው መውረጃ ላይ ነው። ባንተአምላክ እዚያ ለመሄድ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም የሥራው ደንብ ተጠርጣሪን አስቀድሞ ማነጋገር ክልክል ነው ይላል። ነገር ግን ደንቡን ያወጣው ሰው ታላቅ ወንድም ያለው አይመስልም። አባት የሆነን ታላቅ ሳያስታውቁ ስሙን ጽፎ መስጠት እነሱ ባደጉበት አገር ከስርቆቱ የባሰ ነውር ነው። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ በየቁመቱ ተደርድሯል፤ አጠናው ለብቻ፣ ቋሚው ለብቻ። ከጥግ ሦስት የሬሳ ሳጥን ላስቲክ ለብሰው ቆመዋል፤ ባሕር ዛፍ፣ ዋጋቸው አንድ ሺህ ሦስት መቶ። መሰንጠቂያው ማሽን እየጮኸ ነበር። ታምራት ወንድሙን ሲያይ ማሽኑን አስቁሞ፣ ሠራተኞቹን ምሳ ውጡ ብሎ አሰናበተና የራሱን ወንበር ጠርጎ ሰጠው። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣት መጋዝ ወስዶበታል። ሻይ አስመጣለት። ሻዩን ግማሽ እስኪያደርሱ ስለ ደሳለችና ስለ አዲሱ ሕፃን አወሩ።

“ጋሼ፣ እማ አልጋ ስር ያለውን ሳንቃ አየሁት” አለ ባንተአምላክ በመጨረሻ።

“ጥሩ ጥድ ነው።”

“ቀለሙ የኔ ነው።”

ታምራት ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ አየው፣ መልሶም ሰካው። ግንዱን ሲሰነጥቅ ቀለሙን አይቶት እንደነበር፣ የነጋዴ ምልክት መስሎት ችላ እንዳለው ተናገረ። ሰው አምጥቶለት ነው የገዛው፣ አራት ግንድ፤ ሦስቱን ለቁም ሣጥን ሸጦ አንዱን፣ ከሁሉ ያማረውን፣ ለእናቱ አስቀረ። ማን አመጣልዎ ሲለው ሻዩን ጎንጨት አለ። ከየት እንደመጣስ ያውቁ ነበር ወይ ሲለው ግን መለሰ።

“ጥድ ከየት ይመጣል? በዚህ አገር ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሌላ የት ጥድ ቀረ?”

“የዝባን ነው ጋሼ። እሸቴ ታስረዋል።”

“ሰምቻለሁ።”

“የሸጠልዎን ሰው ቢናገሩ እኮ እሳቸው ይወጣሉ።”

ታምራት ስምንት ሠራተኛ አለኝ አለ፤ ቤቱ ሲታሸግ ስምንቱም ይበተናሉ። ማስፈራራት አልነበረም፣ የደከመው ሰው አነጋገር ነበር። ፈቃድ ያለው እንጨት ብቻ እየገዛ እንጨት ቤት የሚያቆም ሰው ካለ ሊያየው እንደሚወድ ተናገረ። ከዚያ፣ “ልትጽፈው ነው?” አለ።

“ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚፈልጉት።”

“ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?”

“ሳልነግርዎ ስምዎን መጻፍ ነውር ሆነብኝ።”

ታምራት ድምፅ ሳያሰማ ሳቀ። “አባታችንም እንዲሁ ነበር” አለ፤ “በግ ሲያርድ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀው ነበር። በጉ ግን ያው ይታረዳል።” አሳድጌሃለሁ አላለም፣ ጫማ ገዝቼልሃለሁ አላለም፣ ወንድምህ አይደለሁም ወይ አላለም። ቢለው ለባንተአምላክ ይቀለው ነበር፤ ይናደድና በንዴቱ ይጽፍ ነበር። ታምራት የቀረውን ሻይ ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠና ማሽኑን አስነሣው። ባንተአምላክ ከግቢው ሲወጣ ማሽኑ እንደገና ሲጠፋ ሰማ፤ ዞር ሲል ወንድሙ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጓል። ማንን እንደሚያነጋግር አልገመተም፤ ወይም መገመት አልፈለገም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብሎ ቅጹን ሞላ። ቀን፣ ቦታ፣ የግንድ ብዛት፣ የጎደለው ብዛት፤ ይህን እጁ ለምዶታል። “ማስረጃው የተገኘበት ቦታና ሰው” የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። በፊቱ ሁለት መንገድ ነበረው። ከጻፈው፣ አባት የሆነለት ሰው እስር ቤት ይገባል፣ እናቱም ከደጃቸው መኪና ቆሞ ሳጥናቸው ሳይሠራ ሲጫን ያያሉ። ካልጻፈው፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ባልወሰዱት እንጨት ይፈረድባቸዋል፣ እሱም በጣቢያው በር ባለፈ ቁጥር እናቱ ተሽሏቸው እንደሆነ ይጠየቃል። አንድ እንጨት አይነድ፣ አንድ ሰው አይፈርድ ይላል የአገሩ ሰው፤ ሲፈልገው የሚያማክረው ሁለተኛ ሰው ግን በከተማው ውስጥ አልነበረም። ደሳለች ጋ ደወለ። ስለ ሕፃኑ ሆድ ቁርጠት ነገረችው፤ እሱም ስለ ሕፃኑ ሆድ ቁርጠት ሰምቶ ዘጋ። ፍቅርተ ወጥታ ስትሄድ መስመሩ እንዳለ ባዶ ነበር። ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መጀመሪያ ሄጄ ፎቶ ላንሣ፣ ከዚያ በኋላ አስባለሁ አለ ለራሱ።

ቤት ሲደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊል ጥቂት ቀርቶታል፤ ፀሐይዋ በበሩ በኩል እስከ አልጋው እግር ገብታለች። መሬቱ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተበትኗል። ቤቱ ጥድ ጥድ ይሸታል። እናቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የሽንኩርት ቢላዋው አጠገባቸው፣ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተዋል። ባንተአምላክ ተንበርክኮ አልጋው ስር አየ። ሳንቃዎቹ ከግድግዳው ወዲህ ተጎትተዋል፤ የአምስቱም ጫፍ ተፍቆ ቀይ ሥጋው ወጥቷል። ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። እፎይ አለ። ከደረቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ የወረደለት ያህል እፎይ አለ፤ ማስረጃ የለም፣ ስለዚህ የሚጻፍ የለም፣ ስለዚህ የሱ ጥፋት አይደለም። እፎይ ማለቱን ራሱ በጆሮው ሲሰማው ግን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ አፍሮ አያውቅም።

“ቀለሙ መግነዜን እንዳያበላሽብኝ ብዬ ነው” አሉ ወይዘሮ ጌጤ። “ጣቴን ስንጥር ወጋኝ።”

መርፌ አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና እጃቸውን ወደ ብርሃኑ ያዘ። ጥፍራቸው ስር ሰማያዊ ቀለም ገብቷል፤ በአምስቱም ጣት። ስንጥሩ ጠልቋል። እሱ ቆዳውን በመርፌው ይፈለቅቃል፣ እሳቸው የሰው እጅ ይመስል ያዩታል። ቆይተው እንዲያው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ጀመሩ።

“ወንድምህ ደውሎ ፋቂው አለኝ። ፋቅሁት። ልጄ አይዶለም? ያዘዘኝን እሠራለሁ። ከየት የመጣ ነው ብዬ ስጠይቀው ስልኩ ተዘጋ። ካርድ አልቆበት ይሆናል።” ጥፍራቸው ስር ያለውን ሰማያዊ አዩ። “እሸቴ የታሰረው በዚህ ነው?”

“በዚህ ነው እማ።”

“የአባትህን መቃብር የቆፈረ እሱ ነው። ዝናብ ነበር፤ ሌላው ሲሸሽ እሱ ጨረሰው።” እጃቸውን ከእጁ አላወጡም። “አንተ ደግሞ ጠዋት እዚህ ስር ገብተህ፣ አይተህ፣ ወጣህ። ድንችህን በልተህ ሄድህ። ታምራት አዘዘኝ። አንተ ምንም አልጠየቅኸኝም። ላልጠየቀኝ ሰው ምን ብዬ እመልሳለሁ?”

ስንጥሩ ወጣ። ባንተአምላክ መዳፉ ላይ አድርጎ አየው፤ የጤፍ ገለባ ታክላለች። ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ገብቶታል። ባይጠይቅ ማንም አይፈርድበትም፤ እናቱም ደግመው አያነሡበትም፣ እንደ ብዙው ነገር ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ይሞታሉ። እሸቴም አያውቁበትም። እንዲህ እያሰበ አፉ ቀደመው።

“እማ፣ ሳንቃው አምስት ብቻ ነው?”

“ስድስት ነው” አሉ ወይዘሮ ጌጤ ሳይቸኩሉ። “አልጋው ወገቡ ረግቦ ሲያስቸግረኝ፣ አንዱን ከፍራሹ ስር አስገባልኝ ብዬው ነበር፣ ያመጣው ዕለት። እሱ ረስቶታል። እኔ በየሌሊቱ እተኛበታለሁ፣ በምን እረሳዋለሁ?” እጃቸውን ትከሻው ላይ አስደግፈው ተነሡ። “አንሣው እንግዲህ።”

ፍራሹን ገለጠው። የመካከሉ ሳንቃ ከራስጌ እስከ ግርጌ ተጋድሟል። ጫፉ ላይ ሰማያዊው ሰረዝ፣ ከሰረዙም ላይ በራሱ እጅ የተጻፈ ፲፬ እንደ ትናንት ደምቆ ይታያል። ፎቶውን ሦስት ጊዜ አነሣው፤ ቁጥሩ በግልጽ የወጣበትን አስቀረ። ከዚያ ሳንቃውን አውጥቶ በሩ አጠገብ አቆመው። አልጋው ወዲያው ወገቡ ጎደጎደ። የገብሱን ጆንያ ከስር አስገብቶ ሊደግፈው ሞከረ፤ አልደረሰም።

“አሁን በምን ልትቀበሪ ነው?” አላቸው።

“በባሕር ዛፍ ነዋ፤ እንደ ሰው።”

“ምስጥ ይበላዋል እኮ።”

“ይብላው። ምስጥ የድርሻውን ነው የሚበላ።” ቀስ ብለው ጎድጓዳው አልጋ ላይ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን አነሡ። “ስትጽፍ ግን እኔንም ጻፈኝ። ቀለሙን የፋቀች እናቱ ናት በል። አንዱን ልጄን ብቻውን አላስጽፈውም።”

ባንተአምላክ ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ እንደገናም አጥፎ አስቀመጠው። ስልኩን አንሥቶ ወንድሙ ጋ ደወለ። ስልኩ አንድ ጊዜ ጠርቶ ታምራት አነሣው። ከጀርባው የማሽን ድምፅ አልነበረም፤ ግቢውን ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ ይመስላል።

“ጋሼ፣ ስድስተኛውን አገኘሁት።”

ባንተአምላክ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አየ፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። ወይዘሮ ጌጤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ፣ ሌላ ፍሬ አሳለፉ።

“አልጋውስ?” አለ ታምራት በመጨረሻ።

“ምኑ?”

“ያለ ሳንቃው ወገቧን ያማታል።” ወንበር ሲጎተት ተሰማ። “ስንት ሰዓት ነው ያልከኝ የነገው?”

“ሦስት ሰዓት ነው ጋሼ።”

“እንግዲያ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። የባሕር ዛፍ ሳንቃ ይዤ። በልኩ ቆርጬ ላስገባላት፤ ለአልጋ መለካት ነውር የለበትም።”

ስልኩ ተዘጋ። ባንተአምላክ በበሩ የቀረችው ብርሃን ሳታልቅ ቅጹን ዘረጋና ባዶውን መስመር ሞላ፤ መጀመሪያ የእናቱን ስም፣ ቀጥሎ የወንድሙን፣ ከነአባቱ። የአባትየው ስም ለሁለቱም ወንድማማቾች አንድ ነው፤ ከታች ታዛቢ በሚለው ቦታ ሲፈርም ሁለተኛ ጊዜ ጻፈው።